ከማንኪራ ወጥቶ በቀጠሮው ቀን ስላልደረሰው ድምፅ

ለክቡር የማዕከላዊ ማከማቻ ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ዳሽቦርድዎ አረንጓዴ ይሁንልኝ፤ እንቅልፍዎም የጽሕፈት ቤትዎ ስልክ እንደማይነሳው ሁሉ በማንም የማይቋረጥ ይሁን። እኛ በቦንጋ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ገብቷል፣ መብራቱ ሲፈልግ ይመጣል፣ ኔትወርኩም እንደ ሩቅ ዘመድ ለበዓል ብቅ ይላል። እኔ ራሴ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ የዚህን ዓመት የውሸት ድርሻዬን አስቀድሜ ስለጨረስሁ ለዛሬው ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስሜ አሞጽ ሰብሃት ይባላል፤ በቦንጋ ከተማ በአንድ የጫካ ማር አምራቾች ማኅበር ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ በድምፅ ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። በዚያ በትልቁ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ «ምንም ችግር የለም» ያልሁትና የተጨበጨበልኝ ሰው እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ማውጣቴ ድፍረት ከመሰለዎት አይፍረዱብኝ፤ ምክንያት አለኝ፣ ምክንያቱንም ወደ መጨረሻው እነግርዎታለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ከመደርደሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከቦንጋ ወጣ ብላ በምትገኘው በማንኪራና በአካባቢዋ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው። አጥር የለውም፣ ካርታም የለውም። በአገሬው አጠራር ኮቦ የሚባለው የጫካ ድርሻ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ባለቤቱ ከሽማግሌ ጋር በእግሩ እየዞረ፣ ከየዛፉ ሥር እየቆመ፣ ይህ የእኔ ነው፣ ያ ለእገሌ የሰጠሁት ነው ብሎ በገዛ አፉ ሲናገር ነው። የሰማ ይመሰክራል። የሰሙት ሰዎች እያረጁና እያለፉ ሲሄዱ ማኅበራችን መላ ዘየደ፤ አዛውንቶቹ እየዞሩ ሲናገሩ ድምፃቸውን ቀድተን እናስቀምጥላችሁ አልን። ሽማግሌዎቹም መክረውበት፣ ጠብ ሲነሳ የተቀዳው ድምፅ በሸንጎው ፊት ከተሰማ እንደ ምስክር ይቆጠራል ብለው ተስማሙ። መቅጃውን ይዤ ከኋላ ከኋላ የተከተልኋቸው እኔ ነኝ።

ከተቀዱት አንዱ ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ማር ሲቆርጡ የኖሩ የማንኪራ ሰው ናቸው። የአብራካቸው ክፋይ የሆነ ልጅ የላቸውም፤ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት ጥሩሰው የምትባል የባለቤታቸው የእህት ልጅ ግን አለች። ከወንዙ ማዶ ካሉት፣ ቀረሮ ከሚባሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ስንደርስ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ እነዚህ የጥሩሰው ናቸው፣ ማንም እንዳይነካባት ብለው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ሕመም ጣላቸውና ግማሽ አካላቸው ከነአንደበታቸው ተያዘ። አብረዋቸው የዞሩት ሽማግሌም በዚያው ሰሞን አረፉ። ይህን ጊዜ የወንድማቸው ልጆች ቀረሮዎቹ የአባታችን ወገን ንብረት ናቸው፣ ሥጋ ላልሆነች አይገቡም ብለው ተነሡ። ጥሩሰው ልጆቿን የምታስተምረው ከእነዚያ ዛፎች በሚወርደው ማር ነው። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብል፣ እሷ የማኅበራችን አባል ስለሆነች እንደ ወገኗ ተቆጥሬ ቃሌ ውድቅ ሆነ። እንግዲህ ያላት ምስክር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በማኅበራችን ዕቃ ቤት ከማር ማጣሪያው ጎን በቆመች አንዲት ሰርቨር ላይ የተቀመጠው የጋሽ ሀብተ ማርያም ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ።

አንደኛ፤ ይህችን አንዲት ማሽናችንን «ክላስተር» የሚል የማዕረግ ስም ስለሰጡልን ውለታዎን አንረሳም። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ክላስተር ማለት ሰርቨሮች ተጋግዘው እንደ አንድ ሆነው ሲሠሩ ነው፤ ፕሮግራሞቹ በየኮንቴይነራቸው ታሽገው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ማሽን ሲወድቅም ሌላው ይሸከማቸዋል። የእኛዋ ግን ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ የምትደገፈው በራሷ ነው። ብቻውን ዕቁብ የጣለ ሰው ዕጣው ሁልጊዜ ይወጣለታል፣ የሚበላው ግን የገዛ ኪሱን ነው። በዚህች ላይ እንድንጭን ያዘዙን የማከማቻ ኤክስቴንሽን ፋይሎቻችንን ተቀብሎ የሚያስተዳድር፣ የሚታዘዘውም ለእኛ ሳይሆን ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በሚገኝ የሩቅ ማከማቻ በኩል ለእርስዎ ጽሕፈት ቤት የሆነ ፕሮግራም ነው። መመሪያው ሦስት ማሽን እንደሚያስፈልግና እያንዳንዱ ፋይል በሦስቱም ላይ እንደሚገለበጥ በደማቅ ፊደል ይናገራል፤ ከገጹ ግርጌ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ አንድ ብቻ ያለው ምስኪን የቅጂውን ቁጥር ወደ አንድ ዝቅ ያድርግ ይላል። ተጨማሪ ማሽን እንዲሰጠን በትሕትና ጠይቀን በተሰጣችሁ ሀብት በፈጠራ ተጠቀሙ የሚል መልስ ስለደረሰን በፈጠራ ተጠቀምን።

ቁጥሩን ወደ አንድ ያወረድሁት ጣቶች የእኔ ናቸው። ኤክስቴንሽኑ መጀመሪያ አልጫንም ብሎኝ ነበር፤ ማሽኗ በአንድ ጊዜ የምትከታተላቸው ፋይሎች ወሰን ትንሽ ነው ብሎ ቆመ፣ ወሰኑን ከፍ አደረግሁለት። ቀጥሎ ደግሞ ለቅጂ የሚሆን ጎረቤት ማሽን ፈለገ፣ ጎረቤት አያስፈልግህም አልሁት። አንድ ነገር እንቢ ሲል ለምን እንቢ እንዳለ መጠየቅ የሚባል ጥሩ ልማድ አለ፤ እኔ የሠለጠንሁት ግን እንቢታውን በማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ አረንጓዴው ቀለም። ኤክስቴንሽኑ ፋይል የሚይዝበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፋይሉን እዚሁ ቦንጋ አስቀምጦ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ወደ ማዕከል ይልክና መድረሱን ሲያረጋግጥ፣ ቦታ እንዳይጣበብ ብሎ እዚህ ያለውን ይሰርዘዋል። የመጀመሪያውን የመረጠ ጽሕፈት ቤት በእርስዎ ዳሽቦርድ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል፣ ሁለተኛውን የመረጠ አረንጓዴ። ይህን የቀለም አወጣጥ ያሰበውን ሰው አእምሮ ሳላደንቅ አላልፍም፤ ንብረቱን ቤቱ ያስቀመጠ ሰነፍ፣ አውጥቶ የሰጠ ጎበዝ ሆኖ ይታያል። ቦንጋ ከዚያ በፊት በነበሩት ሪፖርቶች ሁሉ ቢጫ ነበረች። ቢጫነታችን በትልቁ ስክሪን ላይ በተዘረጋ ቁጥር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምመላሽ አንገታቸውን ደፍተው ብዕራቸውን ይፈታቱ ነበር። እኔም በጣም አፍር ነበር፤ እንዲያውም ከእሳቸው ይልቅ እኔ ሳላፍር አልቀርም።

ታዲያ በመጫኛው ቀን ሁለቱ ምርጫዎች ጎን ለጎን ሲቀርቡልኝ አረንጓዴውን መረጥሁ። አቶ ደምመላሽ አላዘዙኝም፣ እርስዎም አልደወሉልኝም። ፋይሉ ከተላከ በኋላ ከመሰረዙ በፊት ስንት ጊዜ ይቆይ ብሎም ጠይቆኝ ነበር። ዓመት ይቆይ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዓመት ይቆይ ነበር፤ እንዳለ ተውሁት። የጋሽ ሀብተ ማርያም ድምፅ በዚያው ዕለት ቦንጋን ለቆ ሄደ፣ ማሽኗም ቀለል አላት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት እናቴ ስትተርት፣ ላሚቱን ወደ ሰማይ የሰደዳት ማን ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፤ ከማዕከላዊው ማከማቻ ውጭ ያሉ ቅጂዎች ሁሉ ለመረጃ ደኅንነት ሲባል በአስቸኳይ ይወገዱ የሚለው ሰርኩላርዎ ደርሶናል። በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልላ የምትኖር አንዲት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ነበረችን፤ ቀረጻዎቹ ሁሉ በእሷም ላይ ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ አገር ስንት ሰርኩላር መጥቶ፣ ማኅተሙ ሳይደርቅ ፋይል ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ቀርቷል። ስንፍናዬ ለስንቱ ጠቅሞኝ ሳለ፣ የእርስዎን ሰርኩላር ብቻ በመጣበት ዕለት ፈጸምሁት። ዲስኳንም ባዶ አድርጌ ተፈጽሟል ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ። በአገልግሎት ዘመኔ እንዲህ የፈጠንሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አራተኛ፤ ስለዚያ ስብሰባ። የኤክስቴንሽኑ ተከላ መጠናቀቁ በቪዲዮ በተበሠረበት ቀን ከቢታ ገነትም፣ ከዋጫም፣ ከየወረዳውም የተሰበሰብን ሰዎችን ማይክሮፎን ከእርስዎ ዘንድ ካዘጉት በኋላ፣ «ችግር ያለበት ካለ በነፃነት ይናገር» ብለው መጋበዝዎ የሚረሳ አይደለም። ጥቂት ጠበቁ፤ ዝምታችንንም በደስታ ተቀበሉት። የዋጫው ባልደረባዬ ከሊል በስክሪኑ ጥግ ሆኖ ሁለት እጁን ሲያወዛውዝ ታይቶዎት፣ ሰላምታ መስሎዎት እርስዎም አወዛወዙለት። ከሊል እስከ ዛሬ ያቺን ሰላምታ ለሰው ይተርካል።

ከዚያ ቦንጋ የአረንጓዴዎቹ ምሳሌ ስለሆነች እስቲ ከእነሱ አንደበት እንስማ አሉና የእኔን ማይክሮፎን አስከፈቱልኝ። ከጎኔ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ በዚያ መንገድ ተንገላተው፣ በጭቃ ተለውሰው ነው የደረሱት። አቶ ደምመላሽ ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰዋል። የማር ስጦታው ተበርክቷል፣ ምሳው ታዟል። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ያለን ማሽን አንድ ነው፣ መስመር ሲቋረጥ የገዛ ፋይላችንን ማየት አንችልም፣ የሰው አደራ አለብን ልል ነበር። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ፣ ማዕድ ቀርቦ ሳለ ግን የቤቱ ሰው ጣራው ያፈሳል አይልም፤ ቢያፈስም ዕቃ ደቅኖበት እንግዳውን ያጫውታል። እንዲህ ነው ያደግነው፣ ይሉኝታ ይሉታል። «ምንም ችግር የለም» አልሁ። ጭብጨባው ደመቅ ያለ ነበር፣ እውነቴን ነው የምልዎ፣ ደስ ብሎኝም ነበር። የሌሎቹ ማይክሮፎን ተዘግቶ ነበር፤ የእኔ ግን ክፍት ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ እርዳታ መስጫ ክፍልዎ ቅልጥፍና። የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሲቃረብ ቀረጻውን ላወጣ ማሽኗን ስከፍት የፋይሉ ስም አለ፣ ፋይሉ ግን የለም። ከማዕከል ልሳበው ስል፣ መንገድ ሲቆፈር ኬብል ተቆርጧል ተባለና መስመር የለም። አውቶቡስ ተሳፍሬ ጅማ ወረድሁ። እዚያ መስመር ነበረ፤ ገባሁ፣ ድምፁንም ከነስሙና ከነቀኑ በሩቁ አየሁት። ልከፍተው ስል ግን ይህ ተጠቃሚ የመላክ ፈቃድ እንጂ የመመለስ ፈቃድ የለውም አለኝ። የገዛ ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ማታ ልወስደው ስሄድ ማድረስ እንጂ መውሰድ አልተፈቀደልህም የተባልሁ ያህል ደነገጥሁ። ጥያቄ አስገባሁ፤ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ትዕግሥትዎን እናደንቃለን የሚል መልስ ዓይኔን ሳልጨፍን መጣልኝ። ደወልሁ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ስልክ እንደማያነሳ ያወቅሁትም ያን ጊዜ ነው። ትዕግሥቴ እየተደነቀ ቀጠሮው ደረሰ።

ስለዚያ ቀን በቁጥር አልጽፍም፤ ቁጥር አይበቃውም። ሸንጎው የተቀመጠው ማንኪራ፣ ከአንድ ዋንዛ ጥላ ሥር ነው። ጋሽ ሀብተ ማርያምን በቃሬዛ አምጥተው ጀርባቸውን በጋቢ ደግፈው አስቀመጧቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ተክለጻድቅ ወደ እኔ ዞረው ድምፁን አሰማን አሉኝ። ባዶ እጄን ቆሜ፣ ዕድሜ ልኬን በየባንኩና በየቢሮው ሲሉኝ ደሜን የሚያፈላውን ቃል እኔው በአፌ አወጣሁት፤ ሲስተም የለም አልሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መቼ ይመጣል ብለው ጠየቁኝ፣ አላውቅም አልሁ። ማን ዘንድ ነው ብለው ጠየቁኝ፣ ማዕከል ዘንድ ነው አልሁ። ቀኑ የተቆረጠ ነው፣ የማር ቆረጣው ደርሷል፣ ሁለቱም ወገን ከፍርዱ በኋላ ዳግም እንዳይካሰስ አስቀድሞ መሐላ ገብቷል።

በመጨረሻ ራሳቸውን ጋሽ ሀብተ ማርያምን ጠየቋቸው። ሊናገሩ ታገሉ። ደህናው እጃቸው ተነሥቶ ወደ ወንዙ ማዶ አመለከተ፣ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፣ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ከሳሾቹ የወንድማቸው ልጆች እንኳ ማየት አቅቷቸው መሬት መሬት አዩ። የተነገረ ቃል ካልተሰማ ዛፍ ወደ ሥጋ ይሄዳልና ሽማግሌዎቹ ለወንድም ልጆች ፈረዱ፤ ተነሥተውም መረቁበት። ጥሩሰው አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ የአጎቷን ጋቢ ሰበሰበች፣ በአጠገቤ ስታልፍም ቆም ብላ ምሳ በልተሃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ ኖሮ ይህን ያህል አልታመምም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከሸንጎው በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ መልእክት ደረሰኝ። ጥያቄዎ በተሳካ ሁኔታ ተዘግቷል፣ እባክዎ አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይመዝኑ ይላል። መስመሩ ሲጠገን አንዲት የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ መልእክቴን አንብባ ኖሮ በራሷ ስልክ ደወለችልኝ። ነገሩን ስነግራት እኔ ያዘዝሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ፈቃዱን ሰጥታ ፋይሉን መለሰችልኝ። ሥራው ያን ያህል ነው። ስሟን የማልጽፈው ውለታ ረስቼ አይደለም፤ መመሪያ ጥሳለች ብለው እንዳይቀጧት ፈርቼ ነው።

ድምፁን ይዤ ማንኪራ ወጣሁ። ለጥሩሰው ላሰማት ስል እኔማ ዱሮም አውቀዋለሁ፣ ለእሳቸው አሰማቸው አለችኝ። ከአልጋቸው ጎን ተቀምጬ ከፈትሁት። ጋሽ ሀብተ ማርያም የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ በቀረጻው ውስጥ ግንዱን መታ መታ ባደረጉበት ቦታ ሁሉ ደህናው መዳፋቸው የአልጋውን ጠርዝ መታ መታ ያደርግ ነበር። የዛፎቹ ስም አለቀ። እኔ የረሳሁት፣ መቅጃውን ወዲያው አለማጥፋቴን ነው። ከመጨረሻው ዛፍ በኋላ፣ በእርምጃና በቅጠል ኮሽታ መካከል፣ እሳቸው እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ ይሰማል።

«ይሄ ድምፄ ታዲያ የት ነው የሚያድረው?»

«እዚሁ ቦንጋ ነው ጋሼ፣ እኔ ጋ። ምንም ችግር የለም።»

«አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብለው ሳቁ፤ ቀረጻውም እዚያ ላይ አለቀ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ብዙ ተመለከቱኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ያችን ቃል ለእርስዎ ስል መጀመሪያዬ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በጫካ መካከል ለእሳቸው ብያት፣ እሳቸውም አምነዋት ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ተክለጻድቅ ቤት ሄጄ ድምፁ መገኘቱን ነገርኋቸው። ሽማግሌ የመረቀውን ማሽን ዘግይቷል ብሎ አይሽርም አሉኝ። ይሁን እንጂ ፍርዱ የተጣመመው አደራ ተበልቶ ከሆነ፣ አደራውን የበላው ሰው በሸንጎው ፊት ቆሞ፣ በማንም ሳያሳብብ ጥፋቱን በራሱ ላይ ከተናገረ፣ ነገሩ እንደገና ሊታይ ይችላል አሉ። እኔም ስለ ማሽኗ፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ሰርኩላሩ፣ ስለ እርስዎም ጭምር ማስረዳት ጀመርሁ። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝና፣ «ያንተን ብቻ ይዘህ ና፤ የሌላውን ጥፋት እዚያው ቦንጋ ጥለኸው ና» አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁበት ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው። ሸንጎው የፊታችን እሑድ ይቀመጣል፤ የማር ቆረጣው ሳይጀመር፣ ከወንድም ልጆቹም አንድ ሰው ቀረሮው ላይ ሳይወጣ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ በሆዴ ያለውን የሌላ ሰው ጥፋት የሆነ ቦታ ማራገፍ ነበረብኝ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የተዘረዘረው፣ የእኔ የተቀላቀለበት ቢሆንም የእርስዎም ድርሻ አለበትና፣ ድርሻዎን ከነምስጋናው ለእርስዎው አስረክቤያለሁ። እባክዎ ይረከቡኝ፤ እሑድ ዕለት ይዤው ከሄድሁ በአፌ ሾልኮ ይወጣና ጥሩሰው ዛፏን ዳግመኛ ታጣለች። እስከ ዛሬ ሰበብ አጥቼ አላውቅም፤ ለአንድ ቀን ብቻ ያለ ሰበብ መቆም እፈልጋለሁ።

ስድስተኛውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። እሱ የእኔ ብቻ ነው፤ ማንኪራ ላይ፣ ጋሽ ሀብተ ማርያም እየሰሙኝ፣ ክፍት በሆነ አፍ እናገረዋለሁ።

ክቡርነትዎ የሥራው ብዛት ከፈቀደልዎ ቢገኙ ደስታችን ወሰን የለውም። ከዋንዛው ሥር ማይክሮፎን የለም፣ ስለዚህ የሚዘጋም የለም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የመጡትን እንግዶችዎን ይጠይቋቸው።

በተደፋ አንገት፣ በተቀጣ ምላስ፣ ያልሰጡኝን ሁለተኛ ማሽን አሁንም በተስፋ እየጠበቅሁ፣

ከአክብሮት ጋር
አሞጽ ሰብሃት
በአንድ ማሽን ክላስተር የቦንጋ ተጠሪ
ቦንጋ፣ ሚያዝያ ፳፻፲፯ ዓ.ም.

በተጨማሪ፤ ያለ ምንም ችግር ሥራን በማጠናቀቅ ለተገኘ አርአያነት ብለው የላኩልኝን ባለ ወርቅ ቅብ የምስጋና ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬያለሁ። በሰርኩላርዎ መሠረት ቅጂውን አላስቀረሁም።

ደግሞም፤ ትናንት የማሽኗን ምርጫ ቀይሬ የአዛውንቶቹን ድምፅ ሁሉ ወደዚሁ መልሻለሁ፤ በፌስታል የምትጠቀለለዋንም ዲስክ እንደገና ሞልቻታለሁ። እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ቦንጋ በትልቁ ስክሪንዎ ላይ ቢጫ ሆና ብትታይዎ አይደንግጡ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ቤታቸው ገብተው ነው።